የክረምቱ ጓሮ ሲገመገም፦ ዋልካ መሬት ላይ ምን ተበላሸ፣ ለሚቀጥለው ምን ይስተካከል?

ጓሮዬ፣ ታኅሣሥ 8

ሰላም ለሁላችሁ። የክረምቱን አትክልት ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ መሬቱ ገና አልጸዳም። ከማጽዳቴ በፊት ምን እንደተበላሸና ለምን እንደተበላሸ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቦታው ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መስመር ላይ ነው፣ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ። ጓሮው ስድስት በስምንት ሜትር፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘነብላል። ከፍ ያለ መደብ አልነበረም፤ ሁሉም ሜዳው ላይ በመስመር ነው የተተከለው።

ድንች ሰኔ 25 ተተከለ። ነሐሴ 12 አካባቢ ቅጠሉ ላይ እርጥብ የሚመስል ጥቁር ቁስል ታየ፣ በ10 ቀን ውስጥ አገዳው ሁሉ ወደቀ። ከ4 ኪሎ ዘር 9 ኪሎ ተገኘ፤ ከዚያም ሩቡ የበሰበሰ። ቲማቲም 20 ችግኝ ሰኔ 20 ተዛመተ (ወደ ጓሮው ተዛውሮ ተተከለ)፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፣ አንድም የተበላ የለም። ነጭ ሽንኩርት ሰኔ 15 ተተክሎ ከመስከረም ጀምሮ ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ መጣ፤ ሲነቀል ሥር የሌለው ብዙ ነው። ካሮት ሐምሌ 1 ተዘራ፤ አብዛኛው አጭርና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር። ሀበሻ ጎመንና ቆስጣ እስከ ጥቅምት ድረስ በጣም ጥሩ ነበሩ፤ አሁን ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ትንንሽ ተባይ ወርሶታል።

ጥያቄዬ፦ ከእነዚህ ውስጥ የአፈሩ ችግር የቱ ነው፣ የበሽታ የቱ ነው፣ የጊዜ ስህተትስ የቱ ነው? ደግሞስ አሁን በውርጩ ወራት ምን መሠራት አለበት?


ሹሩቤ፣ ታኅሣሥ 8

ወንድሜ፣ ቀኖቹን መጻፍህ ሥራውን በግማሽ አቅልሎታል። የቲማቲሙንና የድንች ቅጠሉን ነገር ለሚያውቁት ልተውና ስለ መሬቱ ልናገር። እግር ያወጣው ካሮት፣ ሥር ያጣው ነጭ ሽንኩርትና የበሰበሰው ድንች ላይ የውኃ መተኛት እጅ እንዳለበት እገምታለሁ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ አብጦ ሲገጥም አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሲቀር ሥሩ አየር ያጣና ከጫፉ ጀምሮ ይሞታል። ተክሉ ግን ወዲያው አያሳይም። ሰማዩ ተዳፍኖ ቅጠሉ ብዙ ውኃ በማይፈልግበት ጊዜ ደህና ይመስላል፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ነው የሚጋለጠው። ጥፋቱ የመስከረም መስሎ ይታያል እንጂ የሐምሌ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መሬቱን ሳታጸዳ ሁለት ነገር አድርግ።

አንደኛ፣ ከጎመኑ ሁለት ሦስት ግንድ በዶማ ዙሪያውን ቆፍረህ ሥሩ ሳይበጠስ አውጣ። ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ደርሶ እንደ ክርን ከታጠፈ ግን እዚያ ጥልቀት ላይ የጠነከረ ንጣፍ አለ ማለት ነው። የዶማው ምላስ ሁልጊዜ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ተጠቅጥቆ ይቀራል። ካሮቱም እግር የሚያወጣው እዚያ ሲደርስ ነው። ያልበሰለ ፍግ ከነበረበት ደግሞ ይብስበታል።

ሁለተኛ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረህ በውኃ ሙላ። የመጀመሪያውን አትቁጠረው፤ አሁን ዋልካው ስለተሰነጠቀ ውኃው በስንጥቁ ሽው ብሎ ይጠፋና መሬቱ ጥሩ የሚያንጠፈጥፍ ይመስልሃል። አመሻሽ ላይ ሞልተህ አሳድረው፣ አፈሩ ይበጥ፣ ጠዋት እንደገና ሙላና በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ለካ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ መልካም። ከ1 በታች ከሆነ ያለ መደብ ምንም አትትከልበት።

መደቡ እንዲህ ይሁን። ስድስት ሜትሩን 1 ሜትር ስፋት ባላቸው 4 መደቦችና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው 5 ቦዮች ክፈለው፤ 4 ሜትርና 2 ሜትር፣ ልክ ይገጥማል። ከቦዮቹ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ቆፍረህ ወደ መደቡ ስትጥለው መደቡ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፤ ስለዚህ ከቦዩ ወለል እስከ መደቡ ራስ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታገኛለህ። ቦዮቹ ወደ ዘቅዛቃው ጥግ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ይውረዱ፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበት የውኃ ልክ ቱቦ ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ከወረዱ አፈሩን ይጠርጉታል። ሁሉም ታች አንድ ፈሰስ ላይ ይግጠሙ፣ ፈሰሱም መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው ፈሰስ ኩሬ ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች በእጃቸው መደብና ቦይ እየሠሩ ዋልካን ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ ቦይ እያወጡ የሚያርሱበት ሹሩቤ የሚባለው አስተራረስም የዚሁ ወንድም ነው።

አሁን ደረቅ ዋልካ አትቆፍር፣ ድንጋይ ነው። ከሁለት ቀን በፊት አጠጣው። ጭብጥ አድርገህ ስትጫነው የሚፈረካከስ ሲሆን ቆፍር፤ በመዳፍህ መሀል እንደ ገመድ የሚድቦለቦል ከሆነ ገና እርጥብ ነውና ታገስ።


ጎመን በጤና፣ ታኅሣሥ 9

ስለ መደቡ በሙሉ እስማማለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ውኃ ነው ብሎ ለመወሰን አልቸኩልም፤ የድንቹ ውድቀትም የውኃ መተኛት አይደለም።

ድንቹና ቲማቲሙ የሞቱት በአንድ በሽታ ነው፤ ምች፣ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት የሚሉት። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ይተላለፉበታል። በነፋስ የሚመጣ ነው፤ ቅጠል ለሰዓታት ሳይደርቅ ሲቆይና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይበቅላል፣ ያ ደግሞ የእኛ ነሐሴ ነው። ጠዋት ጠል ሳይረግፍ የታመመውን ቅጠል ገልብጠው ቢያዩት ኖሮ በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ስስ ሻጋታ ያገኙ ነበር። ከታየ በኋላ መድኃኒት መርጨት የዘገየ ነው። ማንኮዜብ የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፤ ቅጠሉን ከመያዙ በፊት ቀድሞ መልበስ አለበት፣ በዝናብ ሲታጠብም መደገም አለበት። ለ48 ሜትር ካሬ ጓሮ ያንን ሁሉ ርጭት እኔ አልመክርም። ጊዜውን መቀየር ይሻላል።

ድንች ለክረምት ካስፈለገ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተተክሎ ምች ሲደርስ ኮረቱ (አፈር ውስጥ ያለው ድንች) የተቋጠረ ይሁን። የሰኔ 25 ተከላ ምች በሚበረታበት ሳምንት ገና ለጋ ነው። ዘሩን ከሆለታ ምርምር የወጡትን ጉደኔን ወይም በለጠን ይፈልጉ፤ ምችን ከሌላው የተሻለ ይቋቋማሉ፣ ጨርሶ ግን አያስቀሩትም። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ጊዜ አፈር ወደ ግንዱ እየሰበሰቡ በደንብ ያስታቅፉ፤ ከታመመ ቅጠል የሚታጠበው የበሽታው ዘር ወርዶ ድንቹን የሚያገኘው አፈሩ ሲሳሳ ነው። የእርስዎ የበሰበሰው ሩብ በዚህም ሊሆን ይችላል። ድንቹን ቆርጠው ይዩት፦ ከቆዳው ሥር የዛገ ብረት የሚመስል ቡናማ ደረቅ ብስባሽ ምች ነው፤ የሚያፈስና የሚገማ ከሆነ ውኃው ነው፣ ወይም ምች በከፈተው ቁስል ሌላ ገብቶበታል።

አንድ ነገር አደራ። አፈር ውስጥ የቀሩትን ድንቾች እየፈለጉ ያውጡ፣ የማስቲካ ፍሬ የሚያክሉትን ሳይቀር። ምች የደረቀ አገዳ ላይ አይቆይም፤ የሚቆየው በሕይወት ባለ ድንች ውስጥ ነው። ሳይዘሩት የበቀለ ድንች ለሚቀጥለው ክረምት የበሽታው መነሻ ይሆናል።

ነጭ ሽንኩርቱን እንዲህ ይለዩት። ከተነቀለው አንዱን ይውሰዱና ታቹን፣ ሥር የሚወጣበትን ጠፍጣፋ ቦታ በጣትዎ ያሹት። ነጭ እንደ ጥጥ የሆነ ሻጋታ፣ በውስጡም ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ድቡልቡል ነጥቦች ካሉ ነጭ ብስባሽ የሚባለው በሽታ ነው። ነጥቦቹ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞቱ ይቆያሉ፣ የሚነቁትም የሽንኩርት ወገን ተክል ሥር ሲሸታቸው ነው። እንደዚያ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ነጭም ቀይም ሽንኩርት፣ ባሮም አይተከልም። ከዚያ የተገኘውም ለዘር አይቀመጥ። ኮምፖስት ውስጥም አይግባ፤ ይቃጠል። ጥቁር ነጥብ ከሌለና ቡናማ ብቻ ከሆነ የሹሩቤ ግምት ልክ ነው።

ክሽክሹን በተመለከተ፣ አሁን የበዛው ዝናቡ ስላቆመ ነው፤ ክረምቱን ዝናብ እያጠበ ይጥለው ነበር። በጣም የተጠቀለሉትን ቅጠሎች ቆርጠው ይቅበሩ። ለቀሩት 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ የልብስ ሳሙና በ1 ሊትር ውኃ አሟሙተው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሆድ ያርሱት፤ ሳሙናው የሚሠራው ሲነካው ብቻ ነውና ጀርባውን መርጨት ጥቅም የለውም። በ5 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። ከመብላትዎ በፊት በደንብ ይጠቡት። ከግራጫው መንጋ መሀል ቡናማ፣ ያበጡ፣ የማይንቀሳቀሱ ካሉ አይንኳቸው፤ በውስጣቸው ትንሽ ተርብ እያደገች ነው፣ እሷ ስትወጣ የምትጨርሰው ክሽክሹን ነው።


ጓሮዬ፣ ታኅሣሥ 11

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን አደረግሁ። ከሦስት የጎመን ሥር ሁለቱ 14 ሳንቲ ሜትር ላይ ታጥፈዋል። ጉድጓዱ ካደረ በኋላ በአንድ ሰዓት የወረደው 6 ሚሊ ሜትር ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ጥቁር ነጥቦቹ አሉ፤ ሁሉም የመጡት ከምሥራቁ ጠርዝ ካለው መስመር ነው። ለዘር የሰቀልኩትን አውርጄ አቃጥያለሁ።

ቀሪ ጥያቄ፦ መደቡን አሁን ልሥራ ወይስ ልቆይ? ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጎረቤት ደግሞ ብዙ አመድ ይሰጠኛል፣ ልበትነው?


ሹሩቤ፣ ታኅሣሥ 11

የነጭ ሽንኩርቱ ነገር የሰጠሁህን አሠራር ይቀይረዋል፤ ጎመን በጤና ባትናገር ኖሮ በሽታውን በገዛ አካፋህ በጓሮው ሙሉ ትበትነው ነበር። የምሥራቁ መደብ አፈር ከራሱ አይውጣ። ከእሱና ከቀጣዩ መደብ መካከል ያለውን ቦይ አፈር ወደ ምሥራቅ ብቻ ጣለው፣ ወደ ሌላው አንድ አካፋ እንኳ አይሻገር። ሦስቱን ጤነኛ መደቦች አስቀድመህ ጨርስ፣ የምሥራቁን በመጨረሻ ሥራ፣ ከዚያ ዶማውን፣ አካፋውንና ጫማህን እዚያው አጠገብ አጥበህ ውጣ። የምሥራቁ መደብ ቦይ ወደ ሌሎቹ ውኃ እንዳይልክ ታችኛው ጫፍ ላይ ይሁን። ጓሮው ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብል ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ለምሥራቁ መደብ የራሱን ፈሰስ አውጣለት።

የጠነከረውን ንጣፍ መገልበጥ አያስፈልግም። ላዩን 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን አውጣ፣ ታችኛውን በዶማ ሹል ጫፍ እየፈነቀልክ ስንጥቅ ስንጥቅ አድርገው፣ በላዩ በየሜትር ካሬው አንድ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ጣል፣ የላዩን መልስ። የታችኛው ነጭና ድቡልቡል አፈር ወደ ላይ ከወጣ ሁለት ክረምት ያስቸግርሃል። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ እግር አይረፍ። ለካሮት በዋልካ ላይ ከረጅሙ ናንቴስ ይልቅ አጭሩ ቻንተኒ ይሻላል።


የውርጭ ጠባቂ፣ ታኅሣሥ 12

ስለ አሁኑ ወራት ልጨምር። በዚያ መስመር ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ የሚያሰጋው ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት ነው የሚጥለው፤ በጣም የሚበረታው ሊነጋ ሲል፣ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፣ ስለዚህ ያ ዘቅዛቃ ጥግ ከሌላው ቀድሞ ይመታል። ታችኛው አጥር ድፍን ግንብ ከሆነ አየሩን ገድቦ ያስተኛዋል።

ሀበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት ይችሉታል። ቆስጣ ቀላሉን ይችላል። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና ዱባ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። ሽፋን ከሆነ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ በእንጨት ቅስት ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መሬቱ የዋለበት ሙቀት ሳይወጣ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳ። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካው ቦታ ይቃጠላል። ከሰዓት በፊት የጠጣ አፈር ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊቱን ይረዳል።

ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ አራቱንም መደብ አታልማ። ፀሐዩና ነፋሱ በዚህ ወቅት ከአንድ ሜትር ካሬ በቀን 4 ሊትር ገደማ ይወስዳሉ። በየሦስት ቀኑ 12 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ1.7 ሜትር ካሬ። 7 ሜትር ተኩል ርዝመት ላለው አንድ መደብ በአንድ ዙር 4 ጀሪካን ተኩል ያስፈልጋል። 5 ሳንቲ ሜትር የጭድ ጉዝጓዝ ከለበሰ ወደ 3 ይወርዳል፣ ስንጥቁንም ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት መደብ ይልማ፣ ሌላው ይደር። ጭድ አሁን ግዛ፤ የጤፍና የስንዴ አውድማ የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ከመጋቢት ጋር አይወዳደርም።

በዚያው ጭድ ኮምፖስት ጀምር። ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር ካነሰ አይሞቅም። 20 ሳንቲ ሜትር ጭድ፣ 10 ሳንቲ ሜትር አረንጓዴ ነገር፣ 5 ሳንቲ ሜትር የከብት ፍግ፣ ጥቂት አፈር፣ ውኃ፤ እንዲሁ እየደገምክ። በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ የሚል እንጂ የሚፈስስ አይሁን። እንጨት መሀሉ ድረስ ሰክተህ በሳምንቱ ስታወጣው እጅ የማያስይዝ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ፣ ቀዝቃዛና የሚገማ ከሆነ ጭድ ጎድሎታል። በየሦስት ሳምንቱ ይገልበጥ። ሚያዝያ ላይ ለግንቦቱ ድንች ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዛበት።

ስለ አመዱ፣ አትበትነው። አመድ አሲድነትን የሚቀንስ ነው፤ በቡራዩና በሆለታ በኩል ላለው ቀይና ኮምጣጣ አፈር በዓመት አንዴ በሜትር ካሬ ሁለት ጭብጥ ይጠቅማል። ዋልካ ግን ቀድሞውንም ኮምጣጣ አይደለም። ሲጨመርበት ድንቹ ቆዳው ይቆረፍዳል፣ ብረትና ዚንክም ለተክሉ አይደርሱትም። ከትኩስ ፍግ ጋር መቀላቀል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጠረን ናይትሮጅኑ ሲበር ነው።


ጎመን በጤና፣ ታኅሣሥ 12

ስለ አመዱ አንድ ቃል፦ ቀንድ አውጣ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በችግኙ ዙሪያ ስስ ቀለበት ማድረግ አይጎዳም፣ ዝናብ እስኪነካው ድረስ ብቻ ይሠራል።

ቲማቲሙን አሁኑኑ ያስቡበት። ዘሩ በዚህ ሳምንት ከቤት ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኝ ሳጥን ውስጥ ይዘራ፤ ሌሊት ሌሊት ይሸፈን። በዚህ ብርድ ለመዛመት 7 ሳምንት ይፈጃል፣ ጥር መጨረሻ ላይ ውርጩ ሲለቅ ይደርሳል ማለት ነው። ፍሬው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ ይለቀማል፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ። የበልጉ ዝናብ ጥቂት ምች ሊያመጣ ይችላል፤ ለዚያ እያንዳንዱን በእንጨት ያቁሙት፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያሉትን የታች ቅጠሎች ያንሱ፣ ውኃ ከሥር እንጂ ከላይ አይፍሰስበት። ክረምት ላይ ካላጡ በስተቀር አይሞክሩት፤ ከሞከሩም ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከላይ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የላስቲክ ጣሪያ ያለው ይሁን፣ ቅጠሉ እንዳይረጥብ።

አራት መደብ ስላለዎት ማፈራረቁ ቀላል ነው፦ ድንችና ቲማቲም አንድ መደብ፣ ጎመኖቹ አንድ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ አንድ፣ ባቄላና አተር አንድ፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ይሻገሩ። ሽንኩርቱ ከምዕራቡ ጫፍ ካለው መደብ፣ ከታመመው በጣም ርቆ፣ ከካሮቱ ጋር ይግባ። ምሥራቁ ላይ ጎመንም ድንችም ባቄላም ያለ ችግር ይሆናል፤ በሽታው የሚነካው የሽንኩርት ወገን ተክሎችን ብቻ ነው።


ጓሮዬ፣ ታኅሣሥ 13

ጓሮው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያዘነብለው፣ ተመስገን። ለአንድ መደብ ስንት የቲማቲም ችግኝ ይበቃል?


ጎመን በጤና፣ ታኅሣሥ 13

በ1 ሜትር መደብ ላይ ሁለት መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 60፣ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር። 7 ሜትር ተኩሉ 18 በመስመር፣ በድምሩ 36 ይይዛል። 60 ፍሬ ይዝሩ፤ አንድ ሦስተኛው ሳይበቅል ወይም ቀጥኖ ቢቀር ጠንካራ ጠንካራውን ለመምረጥ ይተርፍዎታል። በውኃው ልክ ከሄዱ ግን ግማሹን መደብ፣ 18 ተክል ብቻ ያልሙ።